ራኒንግ ባክ እውነት በ27 ዓመቱ ያበቃለታል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። ልጇ 17 ዓመቱ ነው። በሃይስኩሉ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ራኒንግ ባክ ሆኖ ይጫወታል፤ ሁለት ኮሌጆችም ስኮላርሺፕ እንስጥህ ብለውታል። አጎቱ ግን «ራኒንግ ባክ 27 ከሞላው አለቀለት፣ ክፍያውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው፣ ከአሁኑ ቦታ ቀይር» እያለ ልጁን ግራ አጋብቶታል። እውነት ነው ወይ? ቦታ ይቀይር ወይ? በአንድ ጨዋታ 30 ጊዜ ኳስ እየሰጡ ማስሮጣቸውስ ጉልበቱን አይጎዳውም?

እህቴ፣ አጎትየው ከእውነቱ ግማሹን ይዟል። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ብዙውን ጊዜ የምሠራው ከሃይስኩልና ከኮሌጅ ስፖርተኞች ጋር ነው። ሥራዬ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ትከሻ ነው። ስለ ኮንትራትም አወራለሁ፣ ምክንያቱም የራኒንግ ባክን ጉልበት እያከሙ ኮንትራቱን አለማየት አይቻልም። ሁለቱ የተሳሰሩ ናቸው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ራኒንግ ባክ ሰውነቱ ሙሉ በሆነበት ዘመን ርካሽ ነው። ገበያ ወጥቶ ዋጋውን መጠየቅ በሚፈቀድለት ጊዜ ደግሞ ቡድኖቹ ጉልበቱን መጠራጠር ይጀምራሉ። «27» የምትለው ቁጥር የመጣችው ከዚህ ነው። በዚያ ዕድሜ እግሩ ይቆማል ማለት አይደለም፤ የሒሳቡ ጊዜ የሚደርሰው ያኔ ስለሆነ ነው።

ጨዋታውን ከዳር ሆነው ለሚያዩ ሁለት ነገር ልበል። ራኒንግ ባክ ከኳርተርባኩ (ማጥቃቱን ከሚመራውና ኳስ ከሚወረውረው ተጫዋች) ኳስ በእጁ ተቀብሎ፣ ፊቱ ያሉት አምስት ግዙፎች በሚከፍቱለት ክፍተት ውስጥ ሰንጥቆ የሚሮጥ ነው። ይህ በቴሌቪዥን የሚታየው ሥራው ነው። የማይታየው ሥራው ደግሞ ኳርተርባኩ ኳስ ሊወረውር ሲል በፍጥነት የሚመጣበትን ሰው ደረቱን ሰጥቶ ማስቆም ነው። ወጣት ራኒንግ ባኮች ወንበር ላይ የሚቆዩት በአብዛኛው መሮጥ አቅቷቸው አይደለም። ይቺን ሁለተኛዋን ሥራ ስላልቻሉ ነው። አሰልጣኝ የ50 ሚሊዮን ዶላር ኳርተርባኩን ለማይከላከል ልጅ አደራ አይሰጥም። እኛ አበሾች ሩጫ ሲባል 10,000 ሜትር ነው የሚታየን፤ እዚህ አንድ ሩጫ ጥቂት ሰከንድ ነው፣ መጨረሻውም መስመር ማለፍ ሳይሆን መመታት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ተጫዋቾች ማህበር ተወስዶ ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው አማካይ ለራኒንግ ባክ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ለሁሉም ተጫዋች በአንድ ላይ ሲሰላ ሦስት ዓመት ከምናምን ይመጣል። ይህ ቁጥር ሰውን ያስደነግጣል፣ ግን በጥንቃቄ አንብቢው። ውስጡ አንድ ሰሞን ብቅ ብለው የተሰናበቱት ሁሉ አሉበት። በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድን ውስጥ ጸንቶ የተቀመጠ ልጅ ከዚያ በላይ ይቆያል። የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። በኤንኤፍኤል ጡረታ እንዲከበርልሽ ሦስት የተቆጠረ የውድድር ዘመን ያስፈልጋል። አማካዩ ራኒንግ ባክ ደጃፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው።

የኮንትራቱ ሕግ እንዲህ ይሠራል። ልጁ ከሃይስኩል ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኤንኤፍኤል መግባት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚገቡት በ21፣ በ22 ዓመታቸው ነው። በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የተመረጠ ሁሉ የአራት ዓመት ኮንትራት ይፈርማል፤ ደሞዙም በተመረጠበት ተራ ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ብዙ ድርድር የለውም። ይህ ከ2011 ስምምነት ጀምሮ የመጣ ነው። ሦስት የውድድር ዘመን ሳይጨርስ «ጎበዝ ሆኛለሁና ጨምሩልኝ» ቢልም ቡድኑ ኮንትራቱን መቀየር አይፈቀድለትም። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ከሆነ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ያ ሲያልቅ ደግሞ ፍራንቻይዝ ታግ የሚባል አለ፤ ቡድኑ ልጁን ለአንድ ተጨማሪ ዓመት፣ ለቦታው በተቆረጠ ዋጋ፣ ሌላ ቡድን ጋ እንዳይሄድ አድርጎ ማስቀረት ይችላል። በሚቀጥለውም ዓመት ሊደግመው ይችላል። ደምሪው እስቲ። በ22 ዓመቱ የገባ ልጅ እስከ 28 እና 29 ድረስ ገበያ ሳያይ ሊቆይ ይችላል።

ለኳርተርባክ ይህ ችግር አይደለም፣ በ35 ዓመቱም ይጫወታል። ለራኒንግ ባክ ግን እነዚያ ዓመታት ዋናዎቹ ናቸው።

ሰኳን ባርክሊን ውሰጂ፤ ታሪኩ ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው ላይ ያሳያል። በ2018 ከፔን ስቴት ወጥቶ በድራፍቱ ሁለተኛ ሆኖ በኒው ዮርክ ጃያንትስ ተመረጠ። በ21 ዓመቱ፣ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን፣ በሩጫና ኳስ በመቀበል 2,028 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ሰበሰበና የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። ከዚያ በ2020 ሁለተኛው ጨዋታ ላይ፣ ቺካጎ ውስጥ፣ ኤሲኤሉ (ጉልበትን የሚያጸናው ጅማት) ተበጠሰ። ዓመቱ በዚያው አለቀ። በ2021 ተመለሰ እንጂ አካሉ ሙሉ አልነበረም። በ2022 ግን 1,312 ያርድ ሮጦ ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አበቃ። አምስት ዓመቱ አለቀ፣ አሁን ይከፈለዋል ተብሎ ሲጠበቅ ጃያንትስ ታግ አደረጉበት። ድርድሩ እስከ ሐምሌ 2023 ተጎተተና ሳይስማሙ ቀነ ገደቡ አለፈ። ለአንድ ዓመት ፈርሞ ተጫወተ።

በዚያ ሰሞን ሦስት ታዋቂ ራኒንግ ባኮች ነበሩ ታግ የተደረጉት፤ ባርክሊ፣ ጆሽ ጄከብስና ቶኒ ፖላርድ። ሦስቱም የረዥም ጊዜ ኮንትራት አላገኙም። የዚያ ዓመት የታግ ዋጋ ለኳርተርባክ 32.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ለዋይድ ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ ለሚቀበለው) 19.7 ሚሊዮን፣ ለራኒንግ ባክ 10.1 ሚሊዮን። ይህን ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አነጻጽሪው። በ2017 የራኒንግ ባክ ታግ 12.1 ሚሊዮን ነበር። በእነዚያ ስድስት ዓመታት አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሊያወጣ የሚፈቀድለት ጣሪያ ከ167 ሚሊዮን ወደ 224.8 ሚሊዮን አድጓል። ኬኩ አደገ፣ የነሱ ቁራሽ አነሰ። በሊጉ ውስጥ እንዲህ የሆነበት ቦታ እሱ ነው። በዚያው ሐምሌ ኦስቲን ኤከለር የጠራው የዙም ስብሰባ ላይ ትልልቆቹ ራኒንግ ባኮች ተገናኝተው መከሩ፤ ግን የሥራ ስምምነቱ እስከ 2030 የታሰረ ስለሆነ ብዙም የሚያደርጉት ነገር አልነበረም።

ባርክሊ ገበያ የወጣው መጋቢት 2024 ነው። ዕድሜው 27። አየሽ ቁጥሯን? ጃያንትስ ለቀቁት፣ ጎረቤታቸውና ተቀናቃኛቸው ፊላዴልፊያ ኢግልስ በሦስት ዓመት 37.75 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በዚያው ዓመት 2,005 ያርድ ሮጠ። ኤሪክ ዲከርሰን በ1984 ያስመዘገበውን 2,105 ለማለፍ 101 ያርድ ሲቀረው አሰልጣኙ የመጨረሻውን ጨዋታ አሳረፈው፣ የቡድኑ ደረጃ አስቀድሞ ተወስኖ ስለነበር። ያ ጨዋታ ደግሞ ከጃያንትስ ጋር ነበር! ደጋፊው ተናደደ፤ እኔ ግን እንደ ባለሙያ ጥሩ ውሳኔ ነው እላለሁ። ጥሎ ማለፉን ጨምሮ 2,504 ያርድ ደረሰ፣ ይህም የቴረል ዴቪስን 2,476 የሰበረ ነው። የካቲት 9 ቀን 2025 በ28ኛ የልደት ቀኑ ሱፐር ቦውሉን (የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) አሸነፈ። ከወር በኋላ በሁለት ዓመት 41.2 ሚሊዮን ተጨመረለት፤ በአማካይ በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ ያገኘ የመጀመሪያው ራኒንግ ባክ ሆነ።

ታዲያ አጎትየው ተሳሳተ? ቆይ። ባርክሊ በ27 ዓመቱ እግሩ ሳይጎዳ ገበያ የደረሰ ነው። ከፊቱ ሆነው ክፍተት የሚከፍቱለት ግዙፎችም በሊጉ ካሉት ምርጦች ውስጥ ነበሩ። ያልደረሱት ይበዛሉ።

ቡድኖቹ ለምን ይፈራሉ የሚለውን ለመረዳት ከዚያ በፊት የከፈሉትን ማየት ነው። ቶድ ገርሊ በ2015 በድራፍቱ አሥረኛ ሆኖ በራምስ ተመረጠ፣ ኮሌጅ ሳለ ኤሲኤሉ ተበጥሶ እያለ። በ2017 የዓመቱ ምርጥ አጥቂ ሆነ። ሐምሌ 2018 ላይ 45 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው የአራት ዓመት ኮንትራት ፈረመ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ፣ ሱፐር ቦውል ላይ፣ 35 ያርድ ብቻ ሮጠ። ጉልበቱ ውስጥ የመገጣጠሚያ መጎሳቆል እንዳለ ተወራ። መጋቢት 2020 ላይ አሰናበቱት። አትላንታ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ26 ዓመቱ ነገሩ አለቀ። ኢዚኪየል ኤሊየት ደግሞ በ2019 ከዳላስ ጋር የስድስት ዓመት የ90 ሚሊዮን ማራዘሚያ ፈርሞ በ2023 ተሰናበተ። ሌቪዮን ቤል በ2018 የፒትስበርግን የ14.5 ሚሊዮን ታግ አልፈርምም ብሎ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት ጄትስ በ52.5 ሚሊዮን ወሰዱት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አሰናበቱት።

በሌላ በኩል ኢሳያ ፓቼኮ አለ። በ2022 ድራፍት 251ኛ ሆኖ በሰባተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ዙር ተመረጠ። ካንሳስ ሲቲ ከሊጉ ዝቅተኛ ደሞዝ እምብዛም ሳትርቅ እየከፈለችው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሁለት ሱፐር ቦውል በላች። የቡድን ሥራ አስኪያጅ ብትሆኚ ምን ታስቢያለሽ? ራኒንግ ባክን እንደ ታክሲ ጎማ፣ ሲበላ አውጥቶ አዲስ መግጠም። ጭካኔ ነው፣ ግን ሒሳቡ የገባቸው ያደርጉታል። በ2013፣ በ2014 እና በ2024 ድራፍት በመጀመሪያው ዙር አንድም ራኒንግ ባክ አልተመረጠም። በ2025 ደግሞ አሽተን ጄንቲ ስድስተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ስለዚህ ነገሩ ይወጣል ይወርዳል። መከላከያዎቹ ረዥም ኳስ ለማስቆም ሲሉ ቀለል ያሉ ሰዎችን ማሰለፍ ሲያበዙ ሩጫ እንደገና ዋጋ አገኘ። ልጅሽ 22 ዓመት ሲሞላው ገበያው የት እንደሚሆን ዛሬ ማንም አይነግርሽም።

ወደኔ ሙያ ልመለስ።

ራኒንግ ባክን የሚያስረጀው የዕድሜ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ ምቱ ነው። አንድ ዋና ተሰላፊ በዓመት 300 ጊዜ ኳስ ይዞ ቢሮጥ፣ እያንዳንዱ ማለት ይቻላል የሚያልቀው ወደ 97 ኪሎ የሚጠጋው ሰውነቱ ከሱ በሚከብዱ ሰዎች ሲመታና መሬት ሲወድቅ ነው። የሚቀበላቸው ኳሶች አሉ። ያ የማይታየው የመከላከል ሥራም አለ፣ እሱ በስታቲስቲክስ ውስጥ አይገባም እንጂ ሰውነት ይቆጥረዋል። ኤሲኤል ግን ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሰው ሳይነካው ነው፤ እግር መሬት ላይ ተተክሎ፣ ሰውነት አቅጣጫ ሲቀይር፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ። ራኒንግ ባክ ደግሞ የሚኖረው አቅጣጫ በመቀየር ነው።

ኤሲኤል በቀዶ ጥገና ከተሠራ በኋላ ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ጨዋታ መመለስ እንደገና የመጎዳትን ዕድል በጣም ይጨምራል። ይህን ለወላጆች ስነግር «እከሌ በስድስት ወር ተመልሷል» ይሉኛል። አድሪያን ፒተርሰንን ነው የሚያነሱት፤ በ2011 የገና ዋዜማ ጉልበቱ ተበጥሶ በ2012 ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ሜዳ ገባ፣ 2,097 ያርድ ሮጦም የሊጉ ኮከብ ሆነ። እውነት ነው፣ ሆኗል። ግን ፒተርሰን ፒተርሰን ነው። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከሚመለሱት ውስጥ ከአራት አንድ ገደማ ወይ ያንኑ ወይ ሌላኛውን ጉልበት እንደገና ይጎዳል። እኔ የምሠራው ለነዚያ ልጆች ነው።

የቴረል ዴቪስም ታሪክ አለ። በ1995 ድራፍት 196ኛ ሆኖ ዴንቨር ገባ፣ ማንም ስሙን አያውቀውም ነበር። በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ፣ ሁለት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። በ1999 ተጋጣሚው ኳስ ነጥቆ ሲሮጥ ሊያስቆመው ሲሞክር ጉልበቱ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው አልተመለሰም። በጠቅላላው የተጫወተው 78 ጨዋታ ነው። ያም ሆኖ በ2017 ታላላቆቹ የሚከበሩበት ሆል ኦፍ ፌም ገባ። አራት ዓመት በቃው።

ደንቡን የሚያፈርሱም አሉ፣ እነሱን ደብቄ አልሄድም። ፍራንክ ጎር ኮሌጅ ሳለ ሁለቱም ጉልበቶቹ ኤሲኤል ተበጥሶባቸዋል። በዚህ ምክንያት በ2005 እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ ማንም አልነካውም። 16 የውድድር ዘመን ተጫውቶ በልክ 16,000 ያርድ ሮጦ ወጣ፤ በታሪክ ሦስተኛ ነው። ኤሚት ስሚዝ 15 ዓመት ተጫውቶ 18,355 ያርድ ላይ ቆመ፣ እስካሁን የነካው የለም። ዋልተር ፔይተን በ13 ዓመት ውስጥ ሳይሰለፍ የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ደሪክ ሄንሪ በ2024፣ በ30 ዓመቱ፣ ለባልቲሞር 1,921 ያርድ ሮጠ፤ ቅርባችሁ ስለሆነ ልጅሽ ሳያየው አልቀረም። እነዚህን ሰዎች ስመለከት አንድ የጋራ ነገር አያለሁ፦ ሙሉውን ምት አይቀበሉም። ስሚዝ ግዙፍ አልነበረም። የመምቻው ሰዓት ሲደርስ ግን ትከሻውን ሸርተት አድርጎ፣ ግማሹን ምት ብቻ ወስዶ፣ ወደፊት ነበር የሚወድቀው። ጎርም እንደዚያው። ይህ ከሞላ ጎደል ይማሩታል፣ ሁሉም ተሰጥኦ አይደለም።

በራሳቸው ፈቃድ የወጡም አሉ። ጂም ብራውን በ1966 በ30 ዓመቱ፣ ገና አናት ላይ ሳለ ተወው። ባሪ ሳንደርስ በ1999 ያኔ የነበረውን የፔይተንን ክብረ ወሰን ለመስበር 1,457 ያርድ ሲቀረው በትውልድ ከተማው ላለ ጋዜጣ በፋክስ አሳውቆ ወጣ፤ ዲትሮይት እስከዛሬ አልረሳችውም። እኔ የሳንደርስን ውሳኔ በጣም አከብራለሁ።

ስለ ጭንቅላት አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን አነሳዋለሁ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ባሳወቁት መሠረት ከመረመሯቸው 376 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል ውስጥ 345ቱ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣው ሲቲኢ የሚባለው የአንጎል ጉዳት ነበረባቸው። ይህ ማለት ከመቶ 92 ተጫዋቾች ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ አንጎሉን የሚለግሰው ምልክት ያየ ቤተሰብ ነው። ቢሆንም ቀላል ቁጥር አይደለም። አደጋው ደግሞ ከአንድ ትልቅ ምት ይልቅ በዓመታት ከሚደራረቡት ምቶች ጋር ነው የሚያያዘው። ልጁ ከተመታ በኋላ ራሱን ካመመው፣ ብርሃን ካስጠላው፣ ነገር ከደጋገመ፣ በዚያ ቀን አይመለስም። አሰልጣኙ ደህና ነው ቢልም አይመለስም።

አሁን «ቦታ ይቀይር ወይ» ወደሚለው። አሁን አይቀይር። ሁለቱ ኮሌጆች ያዩት ራኒንግ ባኩን ነው፤ በ17 ዓመቱ፣ ኦፈር በእጁ እያለ፣ የአጎቱን ምክር ሰምቶ ሌላ ሰው ሆኖ ቢቀርብ የያዘውን ያጣል። ግን ሥራውን ያስፋ። ኳስ መቀበል ይማር፣ ከመስመሩ ዳር ተሰልፎ መሮጥ ይማር፣ ከሁሉም በላይ ያንን መከላከል ይማር። ክሪስቲያን መካፍሪ በ2019 በሩጫ ከ1,000 ያርድ በላይ፣ በመቀበልም ከ1,000 በላይ አደረገ። በታሪክ ይህን ያደረገ ሦስተኛው ሰው ነው፣ ከሮጀር ክሬግና ከማርሻል ፎክ ቀጥሎ። በሚቀጥለው ዓመት በቦታው ከፍተኛውን ክፍያ ያገኘው በዚህ ነው። (ከዚያ ሁለት ዓመት ተጎድቶ አሳለፈ፣ እሱም እውነት ነው።) እጁ የሚይዝ፣ እግሩ የሚፈጥን ልጅ ኮሌጅ ሲገባ አሰልጣኞቹ ራሳቸው ወደ ሪሲቨር ወይም ወደ መከላከያ ሊወስዱት ይችላሉ። ያን ጊዜ እሺ ይበል።

አጎትየው ስለ ኮሌጅ ያልነገራችሁ ነገር አለ። ያ የሦስት ዓመት ደንብ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ራኒንግ ባክን ነው፣ ምክንያቱም ከጥቂቶቹ ጥሩ ዓመታቱ ሦስቱን ኮሌጅ ይወስዳቸዋል። የኦሃዮ ስቴቱ ሞሪስ ክላሬት ደንቡን ለማስፈረስ ሊጉን ከሶ በ2004 በይግባኝ ተሸነፈ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገቡት ሶንያ ሶቶማዮር ነበሩ። እሱ አንድም የኤንኤፍኤል የውድድር ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ያኔ ኮሌጅ በነጻ ነበር የሚያስሮጠው። አሁን ተሻሽሏል፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፣ በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ትልልቆቹ ኮሌጆች በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ። ለራኒንግ ባክ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ በጉልበቱ ዘመን የሚከፈለው የመጀመሪያ ገንዘብ ሊሆን ይችላልና። ያ ገንዘብ ግን ግብር አለበት፣ የፋይናንስ እርዳታንም ሊነካ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት የሒሳብ ባለሙያ ይይላችሁ። ዘመድ የሆነ ሳይሆን ሙያው የሆነ።

ኤንኤፍኤል ቢደርስስ? በ2025 የአዲስ ገቢ ዝቅተኛ ደሞዝ 840,000 ዶላር ነበር። ብዙ ነው። ግን ቡድኑ ውስጥ በቆየባቸው ሳምንታት ልክ ነው የሚከፈለው፤ በመስከረም ከተሰናበተ ያችን ይዞ ይሄዳል። የፌዴራል ግብር፣ በተጫወተባቸው ስቴቶች ሁሉ የሚቆረጥ ግብር፣ እስከ ሦስት በመቶ ለኤጀንት፣ ከዚያ የአጎት ልጅ ሰርግ። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ሲከፈል ሕይወት የሚያቋቁም ገንዘብ ነው፣ ዕድሜ ልክ የሚያስቀምጥ ግን አይደለም። የኮሌጁ ዲግሪ ሳይያዝ መውጣትን የማልደግፈው ለዚህ ነው።

የ30ው ሩጫ ነገር የመጨረሻው ጥያቄሽ ነበር፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በሃይስኩል ቤዝቦል ኳስ የሚወረውረው ልጅ ስንት ጊዜ እንደሚወረውር ገደብ አለው፣ ትከሻው እንዳይበላሽ። ለራኒንግ ባክ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። አሰልጣኙ ካሸነፈ 35 ጊዜም ያስሮጠዋል። በኤንኤፍኤል እንኳ ከመጠን በላይ የተሠራባቸው ተከታዩ ዓመት ሲከብዳቸው ይታያል። ላሪ ጆንሰን በ2006 416 ጊዜ ሮጦ ክብረ ወሰን ያዘ፣ በተከታዩ ዓመት እግሩ ተሰብሮ በስምንት ጨዋታ ወጣ። ዴማርኮ መሪ በ2014 392 ጊዜ ሮጦ 1,845 ያርድ አገኘ፣ በተከታዩ ዓመት በአዲስ ቡድን 702። ሁሉም በሩጫው ብዛት የመጣ ነው ብዬ አልምልም፤ ምርጥ ዓመት ካለፈ በኋላ መውረድ በራሱ የተለመደ ነው። ግን እያደገ ያለ የ17 ዓመት ጉልበት ላይ ያንን መሞከር አያስፈልግም።

አሰልጣኙን በትህትና አነጋግሪው። አትጣዪው፤ ልጁን ወደ ኮሌጅ የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። ጨዋታው አስቀድሞ ካለቀ አራተኛው ሩብ ላይ ይውጣ በዪው። በሳምንቱ መካከል ልምምድ ላይ ሙሉ ምት አይወሰድ። ከውድድር ዘመኑ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር ከፉትቦል ይረፍ፤ ትራክ ይሩጥ፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወት፣ ምንም ይሁን። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ በአንድ እግር መዝለልና ማረፍ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይገባ መቆም፣ የጭን የኋላ ጡንቻ ማጠንከር ይሥራ። ርካሽ ነገር ነው፣ የኤሲኤልን አደጋ እንደሚቀንስ ግን በደንብ የታወቀ ነው።

ኮሌጆቹን ስትጎበኙ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ ነው ወይስ ለአራት ዓመት የታሰረ? ሁለተኛ፣ እዚያ ሲጫወት የተጎዳ ጉልበት ከቡድኑ ከወጣ በኋላ ማን ያሳክመዋል፣ ለስንት ጊዜ? መልሱን የሚያድበሰብስ ካለ ከሌላኛው ጋር አነጻጽሩ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ከጨዋታ ማግስት ጉልበቱ የሚያብጥ ከሆነ፣ ወይም ደረጃ ሲወርድ የሚከዳው ከሆነ፣ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ኦርቶፔዲክ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ኤምአርአይ ከተነሳ ምስሉንም ሪፖርቱንም ኮፒ ለራስሽ ያዢ፤ ኮሌጁ ሲቀበለው የራሱን ምርመራ ያደርጋል፣ ያን ጊዜ የድሮውና የአዲሱ ጉዳት እንዳይቀላቀል ይጠቅማችኋል።